ውሻን የዓሣ ኩሬ ዳር ሥርዓት ለማስያዝ፦ ባለ 30 ጫማው የባዮቴን ገመድ

ዕቃው ባለ 30 ጫማ (9 ሜትር ገደማ)፣ ግማሽ ኢንች ስፋት ያለው፣ እጀታ የሌለው ብርቱካናማ የማሠልጠኛ ገመድ ነው። በአንድ ጫፉ የናስ ክሊፕ አለው፤ ሌላው ጫፉ እንዲሁ ተቆርጦ የቀረ ነው። ባዮቴን የሚባለው አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ የሚመረት ነገር ሲሆን ውስጡ የፖሊስተር ሽመና ነው፤ ላዩ ደግሞ ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክ ተሸፍኗል። በዓይን ሲያዩት ቆዳ ይመስላል፣ ሲይዙት ጎማ ጎማ ይላል። እንደ ሻጩና እንደ ክሊፑ ጥራት ከ30 እስከ 60 ዶላር ገደማ ያወጣል።

ፍርዱን አስቀድሞ ለመናገር፦ ዓሣ በሚጠመድበት ኩሬ ዳር ውሻን ለማስተማር ተብለው ከሚሸጡት ዕቃዎች ሁሉ ገንዘቡ የማይቆጭበት ይህ ነው። ሆኖም ገመዱ ውሻ አያሠለጥንም። የሚያደርገው ነገር አንድ ነው፤ ውሻው ሳይታዘዝ ቀርቶ ወደ ውኃው ወይም ወደ ሌላ አጥማጅ ሲነሣ፣ አለመታዘዙ ትርፍ እንዳይኖረው ያደርጋል። ውሻ ሮጦ ዓሣ ላይ አንድ ጊዜ ከደረሰ፣ ያቺ አንድ ጊዜ የሳምንት ትምህርት ታፈርሳለች።

ከመግዛት በፊት መታወቅ ያለበት ሌላው ጉዳይ ሕጉ ነው፤ ብዙ ሻጮች አይናገሩትም። በአሜሪካ የብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት በሚያስተዳድራቸው ቦታዎች ውሻ ከ6 ጫማ (1.8 ሜትር) በማይበልጥ ማሰሪያ መያዝ አለበት። ዋሺንግተን አካባቢ ላለ አጥማጅ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም፤ ከጆርጅታውን ተነሥቶ ፖቶማክን ተከትሎ የሚሄደው የሲ ኤንድ ኦ ካናል የዚሁ መሥሪያ ቤት ይዞታ ነው። የቨርጂኒያ ስቴት ፓርኮችም የሚፈቅዱት ያንኑ 6 ጫማ ነው። የካውንቲ ፓርኮች የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው መግቢያው ላይ የተለጠፈውን ማንበብ ግድ ነው። እንግዲህ ባለ 30 ጫማው ገመድ በሙሉ ርዝመቱ የሚያገለግለው በጓሮ፣ ባለቤቱ በፈቀደበት የእርሻ ኩሬና በግል ይዞታ ላይ ነው። ትምህርቱ እዚያ ይሰጣል፤ ፓርክ ሲደረስ ያው ገመድ አጥሮ ይያዛል። ለዚህ ሲባል ከክሊፑ 6 ጫማ ለክቶ ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ መጠቅለል ይበጃል። ባዮቴን ላይ ቴፕ የሚይዘው መጀመሪያ በአልኮል ተጠርጎ ሲደርቅ ነው፤ አለዚያ በሁለተኛው ቀን ተንሸራቶ ይወርዳል። ሁለተኛ ቴፕ ደግሞ 24 ጫማ ላይ፦ እሱ ለእጅ ነው፤ ጣት ሲነካው ውሻውን መጥራት፣ ገመዱ እስኪያልቅ አለመጠበቅ።

ለምን ናይለን አይሆንም? ናይለን ርካሽ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ለእጅም ይመቻል። ኩሬ ዳር ግን ጭቃውንም ውኃውንም ይጠጣና ይከብዳል። ሲደርቅ የዓሣውን ዝልግልግ ሽታ ይዞ ይቀራል፤ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ገመድ ደግሞ ለውሻ ገመድ መሆኑ ቀርቶ ምሳ ነው፣ ተጋድሞ ያኝከዋል። ከዚህ የባሰው መንጠቆ ነው። ሣር ላይ የወደቀ ትንሽ መንጠቆ ናይለኑ ሽመና ውስጥ ይሰካና አይታይም፤ የሚገኘው ማታ ገመዱ ሲጠቀለል መዳፍ ውስጥ ነው። ባዮቴን ላዩ ልሙጥ ስለሆነ መንጠቆው አብዛኛውን ጊዜ ሸርተት ብሎ ያልፋል፤ ከተሰካም በግልጽ ቆሞ ይታያል። ቤት ሲደረስ በሳሙናና በለብ ያለ ውኃ ማበስ ይበቃዋል፤ ሽታ አይዝም። ኩሬ ዳር ለሚውል ሰው ከዋጋው ልዩነት ግማሹን የሚመልሰው ይህ ብቻውን ነው።

ራሱ የሚጠቀለለው፣ ፕላስቲክ እጀታ ያለው ሊሽ (የውሻ ማሰሪያ) ለኩሬ ዳር አይመከርም፤ ጭራሽ አይመከርም። ምንጊዜም በትንሹ ስለሚወጠር ውሻው «ስስብ ገመድ ይጨመርልኛል» ብሎ ይማራል፤ ለማስተማር ከተፈለገው ነገር ተቃራኒው ማለት ነው። ቀጭኑ ገመድ ጣት ላይ ከተጠመጠመ ይቆርጣል። አሸዋና ጭቃ መጠቅለያ ሞላው ውስጥ ገብተው ፍሬኑን ያደነዝዙታል። እጀታው ከእጅ ካመለጠ ደግሞ እየተንኳኳ ውሻውን ያሳድደዋል፤ የፈራ ውሻ ወዴት እንደሚሮጥ አይታወቅም፣ ውኃ ውስጥም ሊሆን ይችላል።

አገር ቤት በር ላይ ታስሮ የሚውል የግቢ ውሻ እያየ ላደገ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። ይህ ገመድ ሰንሰለት አይደለም። በ30 ጫማ ገመድ ውሻን ዛፍ ላይ አስሮ ማጥመድ ትልቁና በጣም የሚደጋገመው ስሕተት ነው። ምክንያቱ ሒሳብ ነው፦ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ውሻ በሴኮንድ ከ8 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ገመዱን በአንድ ሴኮንድ ጥቂት ፈቅ ባለ ጊዜ ይጨርሰዋል። ባዮቴን ደግሞ አይለጠጥም። ናይለን ቢሆን ትንሽ ሰጠት ይላል፤ ይሄኛው ቀጥ ነው የሚያደርገው። 25 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በዚያ ፍጥነት ሄዶ ቀጥ ሲል፣ ገመዱ የታሰረው አንገቱ ላይ ከሆነ ጉዳቱ አንገት ላይ ነው። መታሰር ካለበት በ6 ጫማ ይታሰር፤ ለመሮጫ ቦታ አይኑረው። ለድንኳን የሚሆነው ጠመዝማዛ የመሬት ካስማ እርጥብ የኩሬ ዳር ላይ ከቅቤ እንደሚወጣ ቢላ ሰተት ብሎ ይወጣል፤ ዛፍ ይሻላል፣ ከታች ግንዱ ሥር።

ስለዚህ ከገመዱ ጋር አብሮ የሚገዛው ሃርነስ (በአንገት ፋንታ ደረትና ጀርባ ላይ የሚታሰረው) ነው። ከፊት ሲታይ ከሁለት ትከሻ ወርዶ ደረት ላይ አንድ የሚሆነው ዓይነት ይመረጥ፤ ትከሻን አቋርጦ አግድም የሚያልፈው የፊት እግሩን እንቅስቃሴ ይይዝበታል። ክሊፑ ጀርባው ላይ ባለው ቀለበት ይገባል። ደረት ላይ ያለው ቀለበት ለአጭር ማሰሪያ ነው፤ ረጅም ገመድ እዚያ ከገባ በእግሮቹ መሐል ያልፍና ውሻውን ይጥለዋል። በገመዱና በሃርነሱ መሐል የሚገባ፣ ግማሽ ሜትር የሚሆን የሚለጠጥ ቁራጭም ይሸጣል፤ ከ20 ኪሎ በላይ ለሆነ ውሻ ገንዘቡ አይባክንም። የባዮቴንን አለመለጠጥ የሚያካክሰው እሱ ነው።

አያያዙ እንዲህ ነው። ትርፉ ገመድ እጅ ላይ አይጠመጠምም፤ መቼም። እንደ እጥፍ ጨርቅ ወዲያና ወዲህ ታጥፎ በአንድ መዳፍ ይያዛል፣ ሌላው እጅ ወደ ውሻው የሚሄደውን ይመራል። እጥፉ ከጉልበት በታች እንዳይንጠለጠል፣ የተጠቀለለ ቀለበትም እንዳይሠራ፤ ቀለበት ከሠራ ቁርጭምጭሚት ይገባበታል። መሬት ላይ የተለቀቀ ገመድ በሁለት እግር መሐል ማሳለፍ አይገባም፤ ከጉልበት ጀርባ ያለው ቆዳ በሚሮጥ ገመድ የሚቃጠለው ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ነው። በጋ ቢሆንም ቀጭን የሥራ ጓንት ይደረግ። ባዮቴን ሁለት ዓይነት ገጽ አለው፦ የሚያብረቀርቅና የደበዘዘ። የሚያብረቀርቀው ሲረጥብ እንደ ዓሣ ያዳልጣል። ሻጩ «ቤታ» የሚለው ደብዛዛው ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ሲረጥብ ያለ ጓንት አይታመንም። እጀታ አለመኖሩ ብዙ ገዢ የሚያማርርበት ነው፤ ግን ትክክሉ ይህ ነው። መሬት ላይ የሚጎተት እጀታ የዛፍ ሥር፣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ መደገፊያ፣ የታጣፊ ወንበር እግር ሁሉ ይይዛል። እጀታ ያለው ከተገዛ በመቀስ ቆርጦ መጣል ነው፤ ባዮቴን ሲቆረጥ አይተረተርም።

ወደ ትምህርቱ። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ነው የሚሆነው፤ ምክንያቱም ኩሬ ዳር ውሻን የሚያሳብደው አንድ ነገር ሳይሆን አራት ነው፦ ውኃው፣ የዘንጉ ውርወራ፣ የሚፈራገጠው ዓሣና የማባበያው ሽታ። አራቱን በአንድ ቀን ያቀረበ አንዱንም አያስተምርም።

መጀመሪያ ቃላቱ ይወሰኑ። አማርኛ በሚነገርበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። ሴት ውሻን አንዱ «ነይ»፣ ሌላው «ና» ካላት፣ ልጆቹ ደግሞ በእንግሊዝኛ ከጠሯት፣ ለእሷ ሦስት የተለያዩ ድምፆች ናቸው። አንዱ ተመርጦ ሁሉም ያንኑ ይበል። የሚያስፈልጉት ሦስት ናቸው፦ መጥሪያ፣ «ተወው» እና «ቦታህ»። ነፋስ በሚበዛበት ኩሬ ዳር ድምፅ ስለሚበተን ለመጥሪያው ፊሽካ ይሻላል። የእንግሊዙ አክሚ 210.5 ቁጥር የያዘው ፊሽካ ሁሌም አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚያወጣው፤ ቢጠፋ ያው ቁጥር ያለው ሲገዛ ውሻው ልዩነቱን አያውቅም።

«ቦታህ» የሚማረው ጓሮ ወይም ሳሎን ውስጥ ነው። 60 በ90 ሴንቲ የሆነ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ውኃ የማይገባው ታች ቢኖረው ይመረጣል፣ ምክንያቱም ይኸው ምንጣፍ ነው ኩሬው ዳር የሚሄደው። ሽልማቱ የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ፣ የአተር ፍሬ አክሎ የተቆረጠ፤ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት (ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ የትናንቱን ወጥ ቅሬታ ለዚህ ማዋል የለም)። ውሻው ምንጣፉን ሲረግጥ ሥጋው በእጅ ሳይሆን ምንጣፉ ላይ፣ በፊት እግሮቹ መሐል ይቀመጣል። እጅ ላይ የተቀበለ ውሻ እጅ ይከተላል፤ ምንጣፍ ላይ ያገኘ ምንጣፉን ይወዳል። 5 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። 10 ደቂቃ ሳይነሣ መተኛት ሲችል ብቻ ወደሚቀጥለው ይታለፋል፤ ለአንዳንዱ ውሻ ሳምንት ነው፣ ለአንዳንዱ ወር።

ከዚያ ኩሬው፣ ግን ዘንግ ሳይያዝ። ከውኃው 30 ሜትር ርቆ ምንጣፉ ይነጠፋል፣ ገመዱ ሃርነሱ ላይ ይታሰራል። ርቀቱ መብዛት ማነሱን የሚናገረው ዶሮው ነው፦ ቤት ውስጥ ለሥጋ ሞቶ የሚዋደቅ ውሻ እዚህ አፉ ድረስ የመጣለትን ካልተቀበለ በጣም ቀርቧል፤ 10 ሜትር ወደ ኋላ። ሁለት ቀን ተከታትሎ በረጋ ቁጥር 5 ሜትር ይቀርባል። ዝይ ካለ ርቀቱ በእጥፍ ይጨምር። ዝይ ለብቻው የአንድ ወር ጉዳይ ነው፤ እዚህ አንገባበትም።

ሦስተኛው ዘንግ ነው፣ ያለ መንጠቆ። ክሩ ጫፍ ላይ ሩብ አውንስ (7 ግራም) የምትሆን የልምምድ ፕላስቲክ ትታሰርና ትወረወራለች። ጠብ ስትል ሥጋ፤ ጠብ ስትል ሥጋ። ውርወራው ከ10 አይብለጥ። ተፈላጊው ለውጥ ሲመጣ አይሰወርም። በመጀመሪያው ቀን ፕላስቲኳ ውኃ ስትነካ የውሻው ጆሮ ይቆማል፣ አንገቱ ይሰገጋል፣ የኋላ እግሩ ከሥሩ ይሰበሰባል። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ያው ድምፅ ሲሰማ ጆሮው ብድግ ይልና ፊቱ ወደ ውኃው ሳይሆን ወደ ባለቤቱ ይዞራል፤ «የታል ዶሮዬ?» እንደማለት። እዚያ ሲደርስ ሦስተኛው አለቀ። ካልደረሰ መንጠቆ አይታሰር።

ምንጣፉ የት ይሁን? ቀኝ እጅ ለሚወረውር ሰው መንጠቆው ወደ ኋላ የሚወዛወዘው በቀኝ ትከሻ በኩል ነው፤ ስለዚህ ውሻው በግራና በኋላ ይተኛል። ዘንጉ 7 ጫማ (2.1 ሜትር) ከሆነ፣ ክንድና ከጫፉ የሚንጠለጠለው ክር ሲታከሉበት፣ ምንጣፉ ከወርዋሪው 4 ሜትር ይራቅ። ገመዱም ውሻው ከምንጣፉ ተነሥቶ ቢመጣ እንኳ ዘንጉ ከሚዞርበት ክብ ውጭ እንዲቆም ተደርጎ አጥሮ ይያዝ። ይህን ልክ አንድ ጊዜ በእርምጃ መለካት የእንስሳት ሐኪም ሒሳብ ከመክፈል ይረክሳል።

አራተኛው ዓሣው። ትምህርቱ የሚጀምረው በሞተ ዓሣ ነው፤ ከገበያ የተገዛ ሙሉ ቲላፒያ (አገር ቤት ቆሮሶ የምንለው) ይበቃል። መጀመሪያ በተዘጋ ጡጫ ውስጥ ያለ ሥጋ፦ ውሻው አሽትቶ፣ ልሶ፣ ተስፋ ቆርጦ አፉን ሲመልስ «ተወው» ይባልና ከሌላው እጅ የተሻለ ይሰጠዋል። ከዚያ ዓሣው ሣር ላይ 5 ሜትር ርቆ ይቀመጥና ገመዱ አጥሮ ይታለፋል፤ በየቀኑ አንድ ሜትር ይቀርባል። ሕይወት ያለውና የሚፈራገጠው ከሁሉም በላይ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ያለፈ ውሻ እዚህ ይወድቃል። ለዚህ መድኃኒቱ ትምህርት ብቻ ሳይሆን ክዳን ያለው ባልዲ ነው። ዓሣው ከውኃ እንደወጣ መንጠቆው ተነቅሎ ባልዲ ውስጥ ይግባ፤ ሣር ላይ እየዘለለ ፎቶ አይነሣ። ብሉጊል የሚባለው ትንሽ ዓሣ የጀርባ እሾህና የካትፊሽ (አምባዛ) የጎን ክንፍ እሾህ የውሻ አፍ ይወጋሉ፤ ብዙ ባለውሻ የሚያስበው ስለ መንጠቆው ብቻ ስለሆነ ይህን ይረሳዋል።

መጥራትን በተመለከተ ገመዱ የሚበላሸው እንደ ዓሣ መጎተቻ ሲያገለግል ነው። አንድ ጊዜ ይጠራል። ሁለት ሴኮንድ ይጠበቃል። ካልዞረ ገመዱ በእጅ በእጅ፣ ሳይነጠቅ፣ በቀስታ ይሰበሰባል፤ ሲደርስም በራሱ እንደመጣ ተቆጥሮ ያው ዶሮ ይሰጠዋል። ሦስት ጊዜ የተጠራ ስም ሞተ ማለት ነው፤ ውሻው የሚማረው ሦስተኛውን መጠበቅ ነው። በተጠራበት ቅጽበት ወደ ቤት ለመሄድ ብቻ የሚያዝ ከሆነም መምጣት ቅጣት ይሆንበታል። በአንድ ውሎ አሥር ጊዜ ተጠርቶ ዘጠኙን መልሶ መልቀቅ ነው።

ኤሌክትሪክ የሚነዝር አንገትጌ ይህን ሁሉ ያሳጥራል የሚል ሻጭ አይጠፋም። ውርወራው ጠብ ሲል የተነዘረ ውሻ ግን ሕመሙን ከውኃው፣ ከዘንጉ ወይም አጠገቡ ከቆመው ሕፃን ጋር ሊያያይዘው ይችላል፤ ከየትኛው ጋር እንደሚያያይዘው የሚመርጠው እሱ ነው። ዌልስ በ2010 እ.ኤ.አ. ጨርሳ ከልክላዋለች።

አሁን የገመዱ ድካም። መጀመሪያ የሚበላሸው ገመዱ ሳይሆን ክሊፑ ነው። ርካሾቹ ላይ ያለው ክሊፕ ኒኬል የተቀባ ዚንክ ነው፤ ቅቡ ሲላጥ ይዝጋል፣ ይቦረቦራል፣ አንድ ቀን ከሚዞርበት አንጓ ላይ ለሁለት ይሆናል። ናስ ወይም አይዝጌ ብረት ይሁን። ናስም ቢሆን አሸዋ አይወድም። ከመውጣት በፊት የክሊፑን ምላስ (የሚከፈተውን ክፍል) በአውራ ጣት ወደ ኋላ ስቦ መልቀቅ፦ ጠቅ ብሎ እስከ ጫፉ መመለስ አለበት። ጸጉር የምታህል ክፍተት ከቀረች፣ ወይም እንደ ሰነፍ በር ቀስ ብሎ ከተመለሰ፣ ውስጡ አሸዋ አለ። ለብ ባለ ውኃ ውስጥ እየከፈቱ እየዘጉ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ አንድ ጠብታ ዘይት። ይህ ሁሉ 1 ደቂቃ አይፈጅም፤ ሳይደረግ ቀርቶ ክሊፑ የተከፈተበት ውሻ ግን ኩሬው መሐል ነው።

ክሊፑ ከገመዱ ጋር የሚያያዝበት መንገድም ሦስት ነው፦ ስፌት፣ ሪቬት (ጫፉ ተቀጥቅጦ የሚይዝ ሚስማር) ወይም ብሎን። ስፌት ያለው ፕላስቲኩን በመርፌ ስለሚበሳው ውኃ በቀዳዳው ገብቶ ውስጡን ያረጥባል፤ በየወሩ ክሩን ማየት ነው። ብሎን ያለው ቁራጩን ለመቀየር ይመቻል፣ ግን በራሱ ጊዜ ይላላል፤ የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ ያስፈልገዋል። ሪቬቱ ሁለት ከሆነ ይመረጣል፤ አንድ ብቻ ከሆነ ይዞርና ቀዳዳውን ያሰፋል።

ሌላው ድካም መቆረጥ ነው። ድንጋይ ጠርዝ ወይም የውሻ ጥርስ ላዩን ከከፈተው ነጩ ፖሊስተር ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ያ ቦታ የገመዱ ደካማ ጎን ነው። ተቆርጦ ይጣል እንጂ በቴፕ አይሸፈን። «የማይታኘክ» የሚል ማስታወቂያ ካለ ውሸት ነው፤ የለመደ ውሻ በጥርሱ ቆርጦ ለመጨረስ ጊዜ አይፈጅበትም፣ የዋጠው ቁራጭም አይፈጭም። በብርድ ጊዜ፣ ከዜሮ በታች ሲወርድ፣ ይገተራል፤ እጥፉ እጅ ውስጥ አልተኛም ይላል። የክረምት አጥማጅ ይህን ይወቅ።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ዋና ነው። ባዮቴን ይሰጥማል። ውሻው ገመዱን እየጎተተ ሲዋኝ ገመዱ ከታች ያለ ቅርንጫፍ ወይም የውኃ አረም ይይዝና ውሻውን እመሐል ያስረዋል። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፦ በዚህ ገመድ አይዋኝም። መዋኘቱ የታሰበበት ቀን ከሆነ የሚንሳፈፍ የፖሊፕሮፒሊን ገመድ፣ ሁሌም በእጅ የተያዘ፣ በዋና ጃኬት ጀርባ ላይ። ፖሊፕሮፒሊን እጅ ያቃጥላል፣ ደረቅና ሸካራ ነው፣ ለሌላ ነገር አይመረጥም፤ ግን ላይ ላዩን ይሄዳል።

ገመዱ የማያድንበት ነገርም አለ። በሞቃት ወራት ውኃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ ወይም የአተር ሾርባ የመሰለ ነገር ከታየ ውሻው ከምንጣፉም አይደርስም፤ ወደ ቤት ነው። የሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ መርዝ ማርከሻ የለውም። በ2019 እ.ኤ.አ. ኖርዝ ካሮላይና፣ ዊልሚንግተን ውስጥ ኩሬ ውስጥ የተጫወቱ 3 ውሾች በሰዓታት ውስጥ ሞተዋል። ቨርጂኒያ ውስጥ ሌክ አና ላይ የጤና ባለሥልጣናት በበጋ ማስጠንቀቂያ ሲያወጡ የዓመታት ልማድ ሆኗል። መጠጣት ብቻ አይደለም፤ ጸጉሩ ላይ የቀረውን ሲልስም ይወስደዋል። ገመዱም በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፤ የሚታኘክ ነገር ነውና።

መንጠቆ ከተሰካስ? ከንፈር ላይ ከሆነ ገመዱ ወዲያው በ6 ጫማ አጥሮ ይያዝ፤ ማባበያው ሌላ መንጠቆ ካለው፣ ውሻው በፊት እግሩ ሲፍቀው ያ ሁለተኛው እግሩን ይይዛልና። ወደ መጣበት መሳብ የለም፣ ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የዞረው ስል ቅንጥብ ሥጋ ይዞ ነው የሚወጣው። ከአፍ የተንጠለጠለ ክር ከታየና መንጠቆው ካልታየ ተውጧል፤ ክሩ አይሳብ፣ ከጥርስ ሥርም አይቆረጥ። አንድ ክንድ ያህል ተትቶ ይቆረጥና ጫፉ ሃርነሱ ላይ ይታሰር፤ ሐኪሙ የሚከተለው ያንን ክር ነው። አስቀድሞ ግን ቅንጥቡን በፒንሳ ጨፍልቆ ማጥመድ ግማሹን ጣጣ ያስቀራል። የዶሮ ጉበት የተሰካበት መንጠቆም ክፍት ሳጥን ውስጥ አይቀመጥ፤ በዶሮ እያስተማሩ በዶሮ ማጥመድ ራሱ ለውሻው ግራ ነው፣ ትል ወይም በቆሎ ይሻላል።

ትምህርቱ ሲያልቅ ይህ ገመድ ሌላ የማይችለውን አንድ ነገር ይችላል። በአንድ ጊዜ ከተፈታ ውሻው ቀኑን ያውቀዋል፤ ክብደቱ ሲቀል ትእዛዙም ይቀላል። ሙሉው ገመድ ወደ 400 ግራም ይጠጋል። በጫፉ በኩል በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሜትር ሁለት ሜትር በመቀስ እየተቆረጠ ከ9 ሜትር ወደ 6፣ ወደ 3፣ በመጨረሻም ጀርባው ላይ እስከምትቀር አንዲት ክንድ ድረስ ይወርዳል። ናይለን ቢሆን እያንዳንዱ ቁርጥ ተተርትሮ ጭራ ያወጣል። በእርግጥ የ50 ዶላር ዕቃን በመቀስ መሸረፍ ሆድ ይበላል፤ የተቆረጡት ግን ለሌላ አጭር ማሰሪያ ስለሚሆኑ መጣል የለባቸውም።

ከ5 አምስት ኮከብ ያልተሰጠው ባለመለጠጡ፣ ሲረጥብ በማዳለጡና በመስጠሙ ነው፤ አራት ይገባዋል። ስፋት ሲመረጥ ከ10 ኪሎ በታች ለሆነ ውሻ ሦስት ስምንተኛ ኢንች፣ እስከ 30 ኪሎ ግማሽ ኢንች፣ ከዚያ በላይ አምስት ስምንተኛ። ሦስት አራተኛው ለእጅ ይወፍራል፣ ለውሻም ሸክም ነው። ቀለሙ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ይሁን፤ አረንጓዴውና ቡናማው ያምራሉ፣ ሣር ውስጥ ግን ይጠፉና በጎን ያለውን አጥማጅ ይጥላሉ። ጉልበቱን የሚያመው ወይም ሚዛኑ የማይጸና ሰው ይህን ገመድ ከትልቅ ውሻ ጋር ብቻውን አይያዝ። 6 ጫማ ብቻ በሚፈቀድበት ቦታ የሚያጠምድና ጓሮ የሌለው ሰውም 30 ጫማ ገዝቶ 24ቱን ኪሱ ውስጥ ይዞ አይዙር፤ ባለ 6 ጫማውን ይግዛ፣ ዋጋው በብዙ ያንሳል፣ ክሊፑ ግን ናስ መሆኑን አገላብጦ ይይ።